ከላይ የሚቀመጠው ብረት

ጥቅምት 4

ትምህርት ተጀመረ። ሃያ ስድስት ዓመት ቤት የሠራ ሰው ቤት እንዴት እንደሚሠራ ሊማር ወንበር ላይ ተቀመጠ። ወንበርስ ወንበር ቢሆን... መጻፊያው ተገንጥሏል፣ አንድ እግሩ አጥሮ ይወዛወዛል። የግንባታ ኮሌጅ ነው ይሄ። የራሱን ወንበር ማቆም ያቃተው።

ሃያ አራት ልጆች አሉ። ትልቁ ሃያ ሁለት ዓመት ቢሞላው ነው። ስገባ ሁሉም ብድግ አሉ፤ አስተማሪ መስያቸው። ሄጄ መሀላቸው ስቀመጥ ሳቅ ሆነ። ከጎኔ ያለው ጆሮው ውስጥ ማዳመጫ ሰክቶ ጠዋቱን ሙሉ አንገቱን ሲወዘውዝ ቆየ። ይህ ልጅ ሲሚንቶና ዱቄት ቢቀርብለት ካልቀመሰ አይለይም።

የላከኝ አለቃዬ ነው። አዲሱ ሥራው በተገጣጣሚ ግድግዳ የሚቆም ሕንፃ ነው። አሠሪዎቹ ደግሞ የምስክር ወረቀት የሌለው ፎርማን ደጃችን አይረግጥም ብለዋል። «አራት ወር ነው፤ ቁጭ ብለህ ወረቀቷን ይዘህልኝ ና፤ ቦታው ያንተ ነው» አለኝ። ስንት ቤት አቁሜለት... አሁን በወረቀት ልቁም?

ደብተሩን የገዛሁት ለሳይት መዝገብ ነበር። ሳይት የለ። የሆዴን ልጻፍበት።

ጥቅምት 6

የዘመናዊ ግንባታ ዘዴ አስተማሪያችን ገባች። ሠላሳ ዓመት አይሞላትም። ሴትነቷን አልናቅኩም፤ አሥር ወንድ የምታስንቅ ለሳኝ አብራኝ ሠርታለች። የናቅኩት ጫማዋን ነው። ነጭ ነው። ነጭ ጫማ አድርጎ ስለ ኮንክሪት የሚያወራ ሰው ምን ይባላል? ራሷ ቀጭን፣ ድምጿ ቀጭን፣ ነገሯም ይወጋል። መርፌ ብያታለሁ።

ሁለት ሰዓት ሙሉ ፎቶ አሳየችን። ግድግዳው ፋብሪካ ውስጥ ተሠርቶ፣ መስኮቱ ሳይቀር ተገጥሞለት፣ በመኪና ተጭኖ ይመጣል። ክሬን ያነሳዋል፣ አራት ሰው ያጋጥመዋል፣ አለቀ። ቤት ነው ወይስ ብስኩት?

«ግንበኛው የት አለ?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ፋብሪካው ውስጥ ነው፣ ጋሼ።»

ልጆቹ ሳቁ። ምኑ እንደሚያስቅ እንጃ።

ጥቅምት 7

ዛሬም ፎቶ። እንቅልፍ ወሰደኝ። ማንም አልቀሰቀሰኝም። አክብረውኝ ይሁን ንቀውኝ...

ጥቅምት 11

ከበር ሳልገባ ባለቤቴ፣ «ዛሬስ ምን ተማርክ?» አለችኝ።

«ምንም።»

«እሱንማ ሳትመዘገብም ታውቀው ነበር» ብላኝ ወደ ጓዳ ገባች።

ከእሷ ጋር ሃያ ዓመት ኖሬ አንድ ቀን እንኳ የመጨረሻዋን ቃል እኔ ተናግሬ አላውቅም።

ጥቅምት 15

ወርክሾፕ። ልጆቹ ብሎኬት ሲደረድሩ ላየ ሰው ሙያው ራሱ ያሳዝነዋል። አንዱ ግድግዳው እንዳይወድቅበት ከኋላ የሚደግፍለት ጓደኛ አቁሞ ነው የሚሠራው። ቱንቢ ሳቀብለው «ምንድነው?» አለኝ። ቱንቢን ነው ምንድነው የሚለው።

አላስቻለኝም። እጅጌዬን ሰብስቤ ገባሁበት። ሁለት ሜትር ግድግዳ ሻይ ተጠጥቶ በማያልቅበት ጊዜ አቆምኩ። መርፌ ውሃ ልኳን አምጥታ በቁም በአግድም ለካችው። አረፋዋ መሀል ላይ ቁጭ አለች፣ ንቅንቅ የለም።

«እጅዎ የተባረከ ነው» አለችኝ።

ደስ አለኝ እንዴ? ትንሽ። ወዲያው ደግሞ ተናደድኩ። የእኔ ግድግዳ በልጅ ይመረቅ? ቀድሞ የወጣን ጆሮ በኋላ የበቀለ ቀንድ በለጠው ይላሉ። የዚችን ቀንድ ግን ብፈልግ ብፈልግ አጣሁት።

ጥቅምት 23

የስሌት ፈተና ተመለሰ። ያመጣሁት ሰባት ነው፣ ከሃያ። ባለማዳመጫው አሥራ ዘጠኝ አምጥቷል። ወረቀቴን በጎን አየት አድርጎ «ጋሼ፣ ላሳይዎት?» አለኝ። «ለራስህ እይ» አልኩት። ስንት ብሎኬት ስንት ካሬ እንደሚሸፍን በዓይኔ ለክቼ እናገራለሁ። በእስክሪብቶ ሲሆን ለምን እንደሚጠፋብኝ አላውቅም። መጠየቅስ... ማንን? እሱን?

ኅዳር 2

መርፌ ሁለት የኮንክሪት ቁራጮች ይዛ መጣች። ክንድ የሚያህሉ፣ ስስ። ከወር በፊት ራሷ ያፈሰሰቻቸው ናቸው። አንደኛው ውስጥ ብረቱ ወደ ላይ ተጠግቶ ነው ያለው፣ ሁለተኛው ውስጥ ወደ ታች። ሁለቱንም ከጠረጴዛ ጠርዝ ላይ በአንድ ጫፋቸው ጠፈረቻቸው። በተንጠለጠለው ጫፍ ባልዲ አንጠልጥላ አሸዋ መጨመር ጀመረች። ብረቱ ከታች ያለው ባልዲው ሳይጋመስ ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ከላይ ያለው ባልዲው ሞልቶ ፈስሶም ቆሟል።

ልጆቹ አስማት ያዩ ይመስል አፋቸውን ከፈቱ። ኧረ ተዉ። ከግድግዳ ወጥቶ የተንጠለጠለ ባልኮኒ ብረቱ ከላይ መሆን እንዳለበት እኔ እሷ ጡት ሳትጥል አውቀዋለሁ። ጡቱን ትቼ የቀረውን ጮክ ብዬ ተናገርኩ።

«ልክ ነዎት» አለች። «ብረቱ ከላይ ታሰረ እንበል። ኮንክሪቱን የሚያፈሱት ሰዎች የት ቆመው ነው የሚያፈሱት?»

«ብረቱ ላይ ነዋ። አየር ላይ ይቁሙ?»

«ሲረግጡት አይወርድም?»

«ይወርዳል። በመንጠቆ እየሳቡ ያነሱታል። እኔ ቆሜ አስነሳለሁ።»

«ከደረቀ በኋላ የት እንደቀረ አይተው ያውቃሉ?»

የደረቀ ኮንክሪት ሆድ ውስጥ ምን ይታያል? ደብተሬን ከደንኩ። ንቄያት ነው የከደንኩት። ልጆቹ ግን የተረታሁ መሰላቸው።

ቀጥላ ከቀጭን ብረት የታጠፈች፣ አራት እግር ያላት ነገር አሳየችን። ከላይኛው ብረት ሥር ትገባና ሰው ቢረግጠውም ደግፋ ትይዘዋለች። ስሟ ወንበር ነው። እንግዲህ ብረትም ደክሞት ሊቀመጥ ነው። እኔ ለብረት ወንበር ሳላቀርብ ይህን ሁሉ ዓመት ሠራሁ፤ አንድ ቤት አልወደቀብኝም።

ኅዳር 4

ዛሬ ደግሞ መሣሪያ። የልብስ ካውያ የምታህል ሳጥን ናት። ኮንክሪት ላይ ስትንሸራተት ብረት ካገኘች ትጮሃለች፤ ስንት ሳንቲ ወርዶ እንዳለም በቁጥር ታወጣለች። ባለማዳመጫው የክፍሉን ወለል ሲመረምር ዋለ፣ ልክ እንደ ሐኪም።

ሲያበቁ ወደ መርፌ ሄድኩ። «ሁለት ሦስት ቀን አውሺኝ» አልኳት። «የእህቴ ቤት ባልኮኒ አለ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት በእጄ ያፈሰስኩት ነው። ለክቼ ቁጥሩን አመጣልሻለሁ፣ ለልጆቹ ታሳያቸዋለሽ።»

በስሟ ፈርማ ሰጠችኝ። ለምን እንደፈለግኳት ገብቷታል። እኔም እንደገባት አውቃለሁ። አፏን ላስይዛት ነው።

ኅዳር 6

እትዬ ቤት ሄድኩ። እትዬ ታላቅ እህቴ ናት። ባሏን በሆዴ መዝገብ ቤት ነው የምለው፤ ሠላሳ ሦስት ዓመት ፋይል ሲያስገባና ሲያወጣ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው። ሚስማር መምታት አይችልም። አንድ ቀን አምፖል ሊቀይር ወጥቶ እትዬ ደግፋ አወረደችው። ሲያየኝ ሁልጊዜ «መሐንዲሳችን መጣ» ይላል። ለመጣ እንግዳ ሁሉ ባልኮኒውን ያስጎበኛል፤ «የሚስቴ ወንድም እጅ ነው» እያለ። ሞኝ ሲያመሰግንህ ምስጋናው የት ይቀመጣል?

ከሁለት ጎረቤቶቹ ጋር ጋዜጣ ዘርግቶ እዚያው ባልኮኒው ላይ ነበር። አስነሳኋቸውና ሳጥኗን መሬት ላይ አንሸራተትኩ። ጮኸች። ከላይ ያለውን ሊሾ ጨምሮ አምስት ሳንቲ ማለት ነበረባት።

አሥራ አንድ አለች።

ቦታ ቀየርኩ። አሥራ አንድ። ግድግዳው ሥር፣ ዋናው ቦታ ላይ... አሥራ ሁለት። ሊሾና ኮንክሪቱ ተደምሮ አሥራ ሰባት ነው።

«እንዴት ሆነ መሐንዲሳችን?» አለኝ መዝገብ ቤት።

«ደኅና ነው» አልኩት።

ሽማግሎቹ ተመልሰው ቁጭ አሉ። እኔ ወጣሁ።

ኅዳር 7

መሣሪያዋ ተበላሽታለች። ርካሽ ዕቃ።

ኅዳር 8

ሳይሰበር በቀረው የመርፌ ቁራጭ ላይ ሞከርኳት። ብረቱ ከላይ ሁለት ሳንቲ ላይ ነው። ሁለት አለች። ገለበጥኩት። ልክ ናት። ሦስቴ ሞከርኩ።

አልተበላሸችም።

ኅዳር 9

ከክፍል ቀርቼ መሮና መዶሻ ይዤ እትዬ ቤት ሄድኩ። ቁጥርን ማመን ያቃተው ሰው ዓይኑን ይመን።

ግድግዳው ሥር መዳፍ የምታህል ቀዳዳ መቆፈር ጀመርኩ። ሦስት ሳንቲ... ብረት የለም። አምስት። የለም። ሰባት። ላቤ ይወርዳል። መዝገብ ቤት አጠገቤ ቆሞ አቧራውን በጋዜጣ ያራግብልኛል። አሥር አልፌ ነው ያየሁት። ዝገት ያልነካው፣ ጤነኛ ብረት፣ ያለ ቦታው የተኛ። እግር ረግጦ አውርዶታል፣ ማንም አላነሳውም።

ቆሜ አስነሳለሁ ብዬ ነበር። ታዲያ ያን ቀን የት ቆሜ ነበር? አስታወስኩ። ታች፣ በሩ ላይ፣ ከአሸዋ ጫኙ ሹፌር ጋር ስጨቃጨቅ ነበር። አሸዋው አፈር አለው፣ የለውም... ስመለስ የባልኮኒው ሶሌታ በኮንክሪት ተሞልቶ እየተስተካከለ ነበር። «ብረቱ ተነስቷል?» አልኩ። «ተነስቷል» አሉ። በቃ።

ለመዝገብ ቤት ነገርኩት። ብረቱ ከላይ መሆን ነበረበት፤ ከታች ቀርቷል፤ እዚህ ላይ መቀመጥ የለባችሁም። ጎንበስ ብሎ ቀዳዳውን አየ።

«ታዲያ ስንጥቁ የመጣው ከዚህ ነዋ» አለ።

«የቱ ስንጥቅ?»

በጣቱ አሳየኝ። ግድግዳው ሥር ከዳር እስከ ዳር፣ ፀጉር የምታህል፣ ከአራት ዓመት በፊት ታየች። ስቱኮ ገዝቶ ሞላት። አምና ተመልሳ መጣች፤ እንደገና ሞልቶ ቀለም ቀባባት። ሚስማር መምታት የማይችለው ሰውዬ። ሥራው እንዴት እንደሚያምር ልናገር... ስንጥቁን እኔ ራሴ አላየኋትም።

«ምነው ሳይነግሩኝ?» አልኩት።

«ቅር እንዳይልህ ብዬ ነው። በሥራህ ላይ ሰው ሲናገርህ ፊትህ ይለዋወጣል። እህትህም ተወው አለችኝ።»

አራት ዓመት። የእኔን ፊት ላለማየት ብለው አራት ዓመት የተሰነጠቀ ነገር ላይ ሲቀመጡ ኖሩ።

ኅዳር 10

ከሥሩ ስምንት ጣውላ አቁሜ ደገፍኩት። የባልኮኒውን በር ቆልፌ ቁልፉን ለእትዬ ሰጠኋት። ትሰድበኛለች ብዬ ነበር። በልተህ ነው ወይ የመጣኸው አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ኅዳር 11

ለመርፌ ነገርኳት። ልጆቹ እስኪወጡ ጠብቄ። ፊቷ ላይ ፈገግታ ስጠብቅ፣ ያኔ ምን እንደምላት ሳዘጋጅ ነበር።

የመጀመሪያ ቃሏ «ደግፈውታል?» ነው።

«ደግፌዋለሁ።»

ከዚያ ባልኮኒው ከግድግዳው ስንት ሜትር እንደሚወጣ፣ ስንት ሰው እንደሚቀመጥበት፣ ብረቱ ባለ ስንት እንደሆነ ጠየቀችኝ። ወረቀት ላይ አሰላችው። እስካሁን የያዘው ኮንክሪቱ በራሱ ጉልበት ነው አለች። አንድ ቀን እንዳይችል የሚያደርገው ብዙ ነገር አይደለም አለች። አፈርሰዋለሁ ስላት ልጆቹ መጥተው ቢያዩ ቅር ይለኝ እንደሆነ ጠየቀች። ሁሉም ሰው ቅር እንዳይለኝ ይጨነቃል ማለት ነው? ያን ያህል ክፉ ነኝ?

ይምጡ አልኳት። የሚስቁ ከሆነ ይሳቁ።

ኅዳር 16

ፈረሰ።

መርፌ ነጭ ጫማዋን አላደረገችም። ሲሚንቶ የበላው፣ አፍንጫው በመታጠፍ ብዛት ያለቀ ቦቲ አድርጋ መጣች። እንደዚያ የሚያልቀው ቁጢጥ ብሎ ብረት የሚያስር ሰው ጫማ ነው። ስንት ዓመት አስራለች? አልጠየቅኋትም።

ልጆቹ ግቢው ውስጥ ከበው ቆሙ። በመዶሻ ጀመርኩት። እኔ ብርቱ ነው ብዬ ስንት ሰው ፊት ደረቴን የነፋሁበት ነገር ከግድግዳው ሥር ከተመታ በኋላ ለመሰበር ጥቂት ምት ነው የጠበቀው። ቁራጩ ጣውላዎቹ ላይ ተኛ። ብረቱ ከታች በኩል ወጥቶ ታየ፣ እንደ ዓሣ አጥንት።

አንዱ ልጅ «ማን ነው እንዲህ ያበላሸው?» አለ። አያውቅም፤ ዘግይቶ ነው የመጣው።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

ሊስቅ የነበረም ካለ ዋጠው። መዝገብ ቤት ከኋላ ሆኖ «ግድግዳው ግን እስካሁን ቀጥ ያለ ነው» አለ። ይህ ሰው... ምን ልበለው? እስከ ዛሬ ያልኩትን ሁሉ ልተወው መሰለኝ።

ኅዳር 19

አዲሱን ብረት አሰርን። ወንበሮቹን ልጆቹ አጥፈው አመጡ። ግማሾቹ ጠማማ ናቸው፤ አንዱ ሦስት እግር ነው ያለው። ይህችን ያጠፋት እጅ ምን ቢያደርጉት ይሻለዋል ብዬ ባለማዳመጫውን ስሰድበው «እኔ ሳልሆን እሱ ነው» ብሎ ጓደኛውን አሳየኝ። ሁለቱንም ደግመው እንዲያጥፉ አደረግኋቸው። ማንም ብረቱን እንዳይረግጥ ሳንቃ አነጠፍን። ኮንክሪቱ ሲፈስ ከቦታዬ አልተነቃነቅሁም። ከበር ሰው ሲጠራኝም አልሄድኩም።

ኅዳር 21

ዛሬ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ መርፌ ስለ ክሬን ስትናገር አንድ ነገር መጣብኝ። የእትዬን ቤት የሠሩት የአለቃዬ ሠራተኞች ናቸው። እኔው ፎርማን፣ እነዚያው እግሮች፣ ያው መንጠቆ። ለአለቃዬ ባለ ባልኮኒ ስንት ቤት ሠራሁ?

ደብተሩ ጀርባ ላይ ቆጠርኩ። አሥራ አንድ።

ኅዳር 23

አለቃዬ ቢሮ ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኩት። ሰዓቱን እያየ ሰማኝ።

«የወደቀ አለ?» አለኝ።

«የለም።»

«እንግዲህ ያልወደቀን ነገር ምን ብለህ ትነካካለህ? ስንጥቅ ስትፈልግ የማይሰነጠቅ ቤት አለ?»

«ልለካቸው ብዬ ነው። ደኅና ከሆኑ...»

«ስማኝ። ኮሌጅ የላክሁህ ወረቀት እንድታመጣ ነው እንጂ ወሬ እንድታመጣ አይደለም። አንዱን ደጅ ካንኳኳህ የእኔን ደጅ ዳግመኛ እንዳታንኳኳ።»

እስከ ዛሬ ድረስ ፍርሃት የማያውቅ ሰው ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ሳየው ጣቶቹ ቁልፉን እያገላበጡ አላርፍ አሉ። ፈሪ ነው። ይሄን ሰው ነው ሃያ ዓመት አቤት ስለው የኖርኩት።

ታኅሣሥ 3

እኔስ? አሥር ቀን ሆነኝ። ማንንም አላንኳኳሁም። ወረቀቱን ልያዝ፣ ከዚያ በኋላ... እያልኩ ነው። ፈሪ ብዬ ስለ ሌላው የጻፍኩትን ገጽ ገልጬ አየሁት።

ታኅሣሥ 9

በአንደኛው ቤት በኩል በአውቶቡስ አለፍኩ። ሁለት ልጆች ባልኮኒው ላይ ሆነው በገመድ ባልዲ ወደ ታች ያወርዳሉ፣ ይስባሉ። ፊቴን ወደ ሌላ መስኮት አዞርኩ።

ታኅሣሥ 10

ለባለቤቴ ተናገርኩ፤ እስካሁን ደብቄያት ነበር። ሥራው እንደሚቀር፣ ሰዎቹም እብድ ነው እንደሚሉኝ፣ ደጅ ለደጅ መናቅ እንደማልችል ነገርኳት። ሽንኩርቱን መላጥ አላቆመችም።

«ስንት ዓመት ሰው ስትንቅ ኖረሃል» አለች። «ለመናቅ ተራህ ቢደርስ ምን ትሆናለህ?»

ጥር 12

ፈተና አለቀ። የስሌቱን ባለማዳመጫው ነው ያስጠናኝ፤ ሦስት ሳምንት፣ በየቀኑ ከምሳ በኋላ። ትዕግሥት አለው። ጆሮው ውስጥ ያለውን ምን እንደሆነ አንድ ቀን ጠየቅሁት። የትምህርቱን ድምፅ ቀድቶ ደጋግሞ ነው የሚሰማው፤ አንዴ በተናገሩት አይገባኝም አለኝ። እኔ ዘፈን ነበር የመሰለኝ።

ጥር 19

አለፍኩ። ስልሳ ሦስት። ወረቀቱን ይዤ በቀጥታ አለቃዬ ጋ ሄድኩ፤ ሳይጠይቀኝ በፊት ቤቶቹን ልዞር መሆኑን ነገርኩት። አልጮኸም። ቦታው በሌላ ሰው ተይዟል አለኝ። ከተያዘ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። ስልሳ ሦስቱን ዞር ብሎም አላየው።

ከዚያ ኮሌጅ ተመለስኩ። «መምህርት፣ መሣሪያዋን ለአንድ ወር ቢያውሱኝ» አልኳት። ከአፌ ነው የወጣው፣ አስቤበት አይደለም። ቀና ብላ አየችኝና ፈረመች።

ጥር 24

የመጀመሪያው ቤት። በቅደም ተከተል ልሂድ ብዬ ነው፤ ከአሥራ አንዱ መጀመሪያ የሠራነው ይሄ ነው። አሥራ ሁለት ዓመቱ። መንገድ ላይ ቆሜ ባልኮኒውን አየሁት። አንሶላ ተሰጥቶበታል፣ ትላልቅ የአበባ ማሰሮዎች ጠርዙ ላይ ተደርድረዋል። የሚከብዱ።

አንኳኳሁ። እጇ ሳሙና የሆነ ሴትዮ ከፈተችልኝ። ይህን ቤት የሠራሁት ፎርማን ነኝ ስላት ፊቷ በራ። «አንተን ነበር እኮ የምፈልገው» ብላ ጀመረች። የመታጠቢያ ቤቱ ውሃ ወደ ኋላ ይመለሳል። የመኝታ ቤቱ መስኮት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አልዘጋም ብሏል። ጣሪያው በዝናብ... ዱሮ ቢሆን ገና የመስኮቱን ስታነሳ ትቻት እሄድ ነበር። እስክትጨርስ ቆሜ ሰማሁ። መስኮቱን በተመለከተ እውነቷን ነው።

ባሏ ወጣ። ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። ያን አስተያየት አውቀዋለሁ፤ የራሴ ነው።

«ማን ላከህ?»

«ማንም።»

«ታዲያ ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ምን ጎደለብህና መጣህ?»

ስለ ብረቱ ነገርኩት። ግማሹን ሳይሰማ ሚስቱን ማየት ጀመረ፤ እብድ ነው እንዴ የሚል ዓይነት። በመጨረሻ ጫማህን አውልቅ አለኝ። አወለቅሁ። ካልሲዬ አውራ ጣቴ ላይ ተቀዷል። እየተመለከቱኝ ደረጃውን ወጣሁ፣ ማሰሮዎቹን አንድ በአንድ አነሳሁ፣ ተንበርክኬ ሳጥኗን አንሸራተትኩ።

ጮኸች። አምስት።

ቦታ ቀየርኩ። አምስት። ግድግዳው ሥር... አራት ተኩል። ከዳር እስከ ዳር ሄድኩበት። ብረቱ በሙሉ ከላይ ነው።

«ደኅና ነው» አልኳቸው።

«ይህን ለማለት ነው ያስደነገጥከን?» አለ ሰውየው። ማሰሮዎቹን ወደ ቦታቸው መለስኩ። ጫማዬን ሳላስር በሩ ከኋላዬ ተዘጋ።

መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ማሰሪያዬን ሳስር ነው ያሰብኩት። ያው ሠራተኞች፣ ያው እግሮች፣ ያው እኔ። ይሄ እንዴት ልክ ሆነ?

ፌራዮው። በዚህ ሥራ ላይ ብረት የሚያስር አንድ ያረጀ ፌራዮ ነበር። ከእያንዳንዱ ብረት ሥር ድንጋይ እየለካ ያስገባ ነበር፤ ሠራተኞቹ በሳንቃ ላይ ካልሄዱ አላስፈስስም ብሎ ፊት ለፊታቸው ቁጭ ይላል። በእሱ ምክንያት ለግማሽ ቀን የታሰበው ሥራ ሙሉ ቀን ፈጀ። «ብረት ነው እንጂ ሕፃን አይደለም የምታስተኛው» አልኩት፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት። ሳቁበት። ሥራው ሲያልቅ ዘገምተኛ ነው ብዬ አሰናበትኩት።

አሥር ቤት ቀርቷል። አንዱንም እሱ አልነካውም።

ከተቀመጥኩ ጀምሮ ስሙን ለማስታወስ እየሞከርኩ ነው። ሽማግሌው ከማለት በቀር ጠርቼው አላውቅም።